ወደ ላይ ካየች አዎ ማለቷ ነው

ይህን የምጽፈው መናገር የማይችል ልጅ ላላት እናት ነው። ሌላውም ቢያነበው ደስ ይለኛል። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ስለ ተማርሁ መጻፍ አይከብደኝም፤ ነገር ማስረዘም ግን አልወድም። እግዚአብሔር ያደረገልኝን ደብቄ መኖር ስላልፈለግሁ ነው።

ልጄ ብርቄ ትባላለች። ቤታችን ከአንኮበር ከተማ ወረድ ብሎ፣ ጉም የማይለቀው ተዳፋት ላይ ነው። ብርቄን ሳምጥ ምጡ ረዘመብኝ፤ ስትወለድም አላለቀሰችም። አንጎሏ አየር አጥቶ ስለ ቆየ እጅና እግሯ አይታዘዙላትም። ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። ጡንቻዋ ሁልጊዜ እንደ ተወጠረ ገመድ ነው። አትቀመጥም፣ አትሄድም፣ አትናገርም። ትሰማለች ግን። ሁሉን ትሰማለች።

ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት አንድ ቀን “ውኃ ላምጣልሽ?” ስላት ዓይኗን ወደ ጣራው አነሣች። አጠጣኋት። “ልጨምርልሽ?” አልኋት። ደግማ አነሣች። ጠጥታ ከጠገበች በኋላ ስጠይቃት ዝም ብላ ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ላይ ካየች አዎ ማለቷ እንደሆነ ዐወቅሁ። አማቴ እማማ ዘነበች ግን አልተቀበሉኝም።

“ወዲያ! መላእክት ታይተዋት ነው እንጂ ልጅ በጣራ ያወራል እንዴ?” ይሉኝ ነበር።

ባሌ አሰግድም “እናት የፈለገችውን ታያለች” ይላል። አልተከራከርኋቸውም።

ብርቄ ከሁሉ የምትወደው መታዘል ነበር። ስድስት ዓመት ሞልቷትም ቀላል ስለ ነበረች ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አዝያት እሄዳለሁ። ጉንጯን ማጅራቴ ላይ ታሳርፋለች፤ ትንፋሿ ይሞቀኛል። ካቻምና ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት አንሥቼ ጀርባዬ ላይ ሳደርጋት ጮኸች። የለመድሁት ለቅሶ አልነበረም። አወረድኋት፤ ዝም አለች። እንደገና ሳዝላት እንደገና ጮኸች። ሕመሙ የጀመረው እንዲህ ነው።

ጤና ጣቢያ ወሰድኋት። የሆድ ትል ነው ብለው ሽሮፕ ሰጡን። ሽሮፑ አለቀ፤ ለቅሶው አላለቀም። ወጌሻ ጠራን። ወለምታ ነው ብሎ በቅቤ አሻት፤ እግሯንም ሳበው። ያን ጊዜ ያወጣችው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ከሠፈራችን ስንቱን አቅንቷል። የእሷ ነገር ግን በእጅ የሚመለስ አልነበረም። ጠበልም አስጠመቅኋት። የንስሐ አባታችን ሁኔታዋን አይተው “ጠበሉን አትተዪ፤ እዚህ ብቻ ግን እንዳትቀሪ። እግዚአብሔር በየት በኩል እንደሚዘረጋልሽ አታውቂም” አሉኝ። እሳቸው ባይሉኝ ኖሮ ልወጣ አልደፍርም ነበር።

ደብረ ብርሃን ሄደን አንድ ክሊኒክ ገባን። ጠዋት ደርሰን ተራ የደረሰን ከሰዓት በኋላ ነው። የተመለከታት ሰው ከወንበሩ አልተነሣም።

“እንዲህ ያሉ ልጆች ያለቅሳሉ” አለን።

ይህን ቃል ከዚያ በኋላ በብዙ በር ሰማሁት። ክረምቱ እንዲሁ አለፈ። ሽንት ጨርቋን ልቀይር እግሯን ስከፍት ራሷን ትስታለች። መብላት ተወች። አሰግድ ድምፅዋን ላለመስማት ዝናብ እየዘነበ ደጅ ይቀመጥ ነበር። እኔና እሱ መነጋገር ተውን፤ ብንነጋገር መጣላት ነበር።

በመስከረም ሌላ ሐኪም አገኘን። ይህ ገና እግሯን ነካ ሲያደርግ ፊቱ ተለወጠ፤ ራጅ አዘዘ። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አሳየን።

“ይህ የጭኗ አጥንት ራስ ነው። እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነበር መሆን ያለበት። የተወጠረው ጡንቻ ቀስ በቀስ ስቦ አውጥቶታል።”

“መቼ ነው የወጣው?” አለ አሰግድ።

“ወራት ሆኖታል።”

አሰግድ ከክፍሉ ወጣ። ተከትዬው ስወጣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አድርጎ ቆሟል። ያን ዕለት ነው ሲያለቅስ መጀመሪያ ያየሁት።

ቀዶ ጥገናው የሚደረገው አዲስ አበባ ነው ተባልን። አንዱን በሬ ሸጥን፤ የጎደለውን እድርና የሰንበቴ ማኅበራችን ሞሉልን። እግዚአብሔር ለሁሉም ይስጥልኝ። የሚሠራላት ሐኪም ከመጀመሩ በፊት አስቀምጦ አነጋገረን።

“እንደማትሄድ ታውቃላችሁ። የምንሠራው ሕመሙ እንዲተዋትና ደገፍ ብላ እንድትቀመጥ ነው።”

“ትታዘላለች?” አልሁት።

ሐኪሙ ፈገግ አለ። “አጥንቱ በቦታው ከያዘ ትታዘላለች። ካልያዘ ግን ደግሞ መሥራት ይከብዳል።”

ከዚያ በኋላ በጸሎቴ ሁሉ የለመንሁት ይህን ብቻ ነው። አጥንቱ እንዲይዝ። እንዳዝላት።

ከቀዶ ጥገናው ስትወጣ አላወቅኋትም። ከጡቷ በታች ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ ሆናለች። እግሮቿ ተከፍተው በመካከላቸው እንጨት ተጋድሟል። ለመጸዳጃ ብቻ ክፍተት ትተዋል። ነርሷ አስተማረችኝ፦ በየጊዜው እንዳገላብጣት፣ ጀሶው እንዳይርስ፣ ተረከዟ ፍራሽ እንዳይነካ፣ ከሥሯ ትራስ እየደገፍሁ ጠርዙ እንዳይጫናት፣ ውስጡ ምንም ነገር እንዳይገባ። ሁሉን በልቤ ያዝሁ።

ለመመለስ ሚኒባስ ስንሳፈር ረዳቱ ብርቄን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

“እናቴ፣ ይቺ እኮ በበር አትገባም።”

ሹፌሩ ዞር ብሎ “የማትገባው አንተ ነህ። ውረድና የኋላውን ክፈት!” አለው።

የኋላው ወንበር ላይ የነበሩት ሰዎች ያለ ጭቅጭቅ ተነሥተው ከፊት ካሉት ጋር ተጨናንቀው ተቀመጡ። ጫጫ ከተማ ላይ ስንቆም አንዲት የማላውቃት ሴት በመስኮት ብርቱካን አቀበለችኝ። እንዲህ ያለውን ደግነት አልረሳም።

መኪና ከሚደርስበት እስከ ቤታችን ያለው ቁልቁለት ነው። ልጄን ማዘል አይቻል፣ ማቀፍ አይቻል። የሠፈር ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ጠበቁን፤ ከብርዱ የተነሣ በጋቢ ሸፈንናት። በአገራችን ቃሬዛ የሚያልፍ ከሆነ መንገደኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ትከሻውን ያበድራል። ጥቂት እንደ ሄድን አንዲት ሴት እንስራዋን አውርዳ፣ ነጠላዋን አደግድጋ “ወይኔ ልጄን! ወይኔ የእናቷን አንጀት!” እያለች ደረቷን ትመታ ጀመር።

“ኧረ በሕይወት አለች!” ብሎ አሰግድ ጮኸ።

ሴትየዋ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ስታይ ብርቄ አፍጥጣ ታያታለች። “አንቺ! እንዲህ ታስደነግጪኛለሽ?” ብላ ሳመቻት። ተሸካሚዎቹ ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ለቅሶው ገና ያልደረሰ እንጂ የተሳሳተ አልመሰለኝም።

ቤት ውስጥ ያስቸገረን ትራሱ ነው። የጥጡ ይተኛል፣ የስፖንጁ ይንሸራተታል። ስትገለበጥ ጀሶው እንደ ድንጋይ ይከብዳል። እማማ ዘነበች ይህን አይተው አንድ ቀን ከአቡጀዲ ረዘም ያለ ከረጢት ሰፍተው ገብስ ሞልተው አመጡልኝ።

“ገብስ ገላ ያውቃል። ባኖሩት ቦታ ይቀራል” አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ወገቧ ሥር ስናደርገው የሰውነቷን ቅርጽ ይዞ አይላወስም። ቀን ፀሐይ ስናሰጣው ማታ ድረስ ሙቀት ይይዛል፤ በዚያ የኅዳር ውርጭ ደግሞ ሙቀት ትልቅ ነገር ነው። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አደነቀ። ብርቄም ተመችቷት እንቅልፍ ያዛት። እኔም የአማቴን እጅ ሳምሁ። እሳቸው ገብሱን የመረጡት ለፋሲካ ጠላ ብቅል ሊያደርጉት ካስቀመጡት ጥሩ ዘር ላይ ነው።

ወደ ታኅሣሥ ግድም ለቅሶው ተመለሰ።

መጀመሪያ ሌሊት ሌሊት ነበር፤ በኋላ ቀንም ሆነ። ጤና ጣቢያ ያለችው ባለሙያ ቤት ድረስ መጣችልን። የእግሯን ጣቶች ነካች፤ ሙቅ ናቸው። ትኩሳት ለካች፤ የለም።

“ጀሶው ከብዷት ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች…” ብላ ጀመረች። የቀረውን ዐውቀዋለሁ።

እሷ ከሄደች በኋላ አጠገቧ ተንበረከክሁና ጠየቅኋት። “ራስሽን ነው?” አየችኝ። “ሆድሽን?” አየችኝ። “የተሠራውን እግርሽን?” አየችኝ። “ጀርባሽን?” ዓይኗ ወደ ላይ ተነሣ። “በቀኝ?” አየችኝ። “በግራ?” ተነሣ። በጠርዙ በኩል ጣቴን እስከ ሄደልኝ አስገባሁ፤ ምንም አላገኘሁም። ደግሜ ጠየቅኋት፤ ደግማ አነሣች። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ይወርዳል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጠዋት ስገለብጣት ሽታ ሸተተኝ። የሽንት አይደለም። ጎምዘዝ ያለ፣ እንደ ቆየ እርሾ ያለ ነው። ለአሰግድ ደብረ ብርሃን እንውሰዳት አልሁት። ወቅቱ ውቂያ ነው፤ እህሉ አውድማ ላይ ነው፤ ሰውዬው እንቅልፍ ካገኘ ሰነባብቷል።

“ሐኪሟ ደህና ናት ብላለች” አለኝ።

“ብርቄ ደህና አይደለሁም ብላለች።”

“በዓይኗ?”

“በዓይኗ።”

“እስቲ አንድ ቀን እንኳ እንረፍ፤ በማርያም!”

ጋቢዬን ለብሼ ዕቃዋን ማሰር ጀመርሁ። ምናልባት ብቻዬን በምን እንደምሸከማት አስቦ ይሆናል፤ ጥቂት ቆሞ ወጣ። ሲመለስ ቃሬዛውንና ሦስት ሰዎች ይዞ ነው።

ሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ብርቄንም ወለሉ ላይ በብርድ ልብስ አስተኛናት። ትጮኻለች። ሰው ሁሉ ያየናል። አንድ ሽማግሌ “ምነው ይህችን ነፍስ ባታሠቃዩዋት? ቤቷ በሰላም ብትሞት ምን ነበረበት?” አሉ። አሰግድ ቀና ሊል ሲል እጁን ያዝሁት። አንዲት ሕፃን የታቀፈች ሴት ግን ሳንለምናት ተራዋን ሰጠችን። እናት ናት፤ ሽታው ደርሷት ይሆናል።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዓይኑ በድካም ቀልቷል። ወረቀቷን አነበበ፤ ጣቶቿን አየ።

“ቀጠሮሽ አልደረሰም። ጀሶውን አሁን ብንነካው ዳሌው ሊወልቅ ይችላል፤ ያን ሁሉ የደከማችሁበት ነገር ይበላሻል። ገብቶሻል?”

“ገብቶኛል። ግን ጀርባዋን በግራ በኩል ያማታል።”

“ማን ነገረሽ?”

“እሷ።”

“ትናገራለች?”

“አትናገርም፤ ይጠይቋት። ወደ ላይ ካየች አዎ ነው።”

አሰግድ ወደ መሬት አቀረቀረ። ያፈረብኝ መሰለኝ። ሐኪሙ ጥቂት አየኝና ወንበሩን ትቶ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ። ስንት ቤት ዞረን፣ ወደ እሷ ፊት ዝቅ ብሎ ያናገራት ባለሙያ እሱ የመጀመሪያው ነው።

“ብርቄ፣ እኔ አባትሽ ነኝ?”

ለቅሶዋን አቋርጣ ትክ ብላ አየችው።

“ይኸኛው ነው አባትሽ?”

ዓይኗ ወደ ላይ ሄደ። አሰግድ ቀና አለ።

“እሺ። እግርሽን ነው የሚያምሽ?” አየችው። “ጀርባሽን?” ተነሣ። “እዚህ ጋ?” እያለ በጀሶው ላይ ጣቱን አንቀሳቀሰ። አየችው፤ አየችው፤ አየችው። ግራው ላይ ሲደርስ ዓይኗን እስከ ነጩ ድረስ ወደ ላይ አነሣችና ጮኸች።

ሐኪሙ ቆመ። “የጀሶ መጋዙን አምጡልኝ” አለ።

ጀሶውን ሙሉ አልፈታም። እዚያ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ትንሽ መስኮት አድርጎ ቆረጠ። ክዳኑ ሲነሣ ሽታው ክፍሉን ሞላው። ሥጋው ቆስሎ ጎድጉዷል። ሐኪሙ በመቆንጠጫ ከቁስሉ ውስጥ አንድ ነገር አወጣና በብርሃን አየው።

“ይህ ምንድን ነው?”

ዐወቅሁት። አብጦ ነጭ ሥር አውጥቷል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው የኖርሁት ነገር ነው።

“ገብስ ነው” አልሁ። “ብቅል ሆኗል።”

የጀሶው ጠርዝ ከረጢቱን እንደ መጋዝ ሲፈትገው ስፌቱ ላልቶ ነበር። ከዚያ ፍሬው በጀርባዋ በኩል ጀሶው ውስጥ ገባ። ላቧና ሙቀቷ አበቀለው። ሐኪሙ ቁስሉን አጥቦ ሲጨርስ ከሥር ያለውን ደጋግሞ መረመረ።

“ወደ ተሠራው ቦታ አልደረሰም። ጥቂት ቀን ቆይታችሁ ቢሆን ኖሮ…” አለና ተወው። እኔም ጨርስልኝ አላልሁትም።

በደም ሥር መድኃኒት እየተሰጣት ሆስፒታል ተኛን። ከእኛ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ እሳት ያቃጠለው ልጅ ነበር። አንድ ጠዋት ስነቃ አልጋው ባዶ ነው፤ አንሶላውም ተነሥቷል። እናቱ ትታው የሄደችው ዳቦ መስኮቱ ላይ ነበር። ስለ ራሴ ልጅ ማመስገን አፈርሁ። ግን አመሰገንሁ።

ለገና ዋዜማ ቤታችን ተመለስን። አሰግድ ለእናቱ ነገሩን አስቀድሞ ነግሯቸው ኖሯል። እማማ ዘነበች ደጅ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከረጢቱን ተርትረው ጨርቁን በጭናቸው አድርገውታል።

“ይግቡ እንጂ” አልኋቸው።

“አልገባም። በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?”

“በፍቅር ያደረጉት ነው።”

“ቁስሉ ይህን ያውቃል?”

እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ብርቄ አጠገብ በጉልበታቸው ወደቁ። እስከዚያ ቀን ስለ እሷ እንጂ እሷን አናግረዋት አያውቁም።

“ብርቄ፣ የኔ እናት፣ ይቅር ትይኛለሽ?”

ብርቄ ትክ ብላ አየቻቸው። አሁንም አየቻቸው። እኔም ፈራሁ። ቆይታ፣ ቆይታ፣ ዓይኗን ወደ ጣራው አነሣች።

“አየሻት? አስጨንቃኝ እኮ ነው!” አሉ፤ እያለቀሱ ሳቁ።

“መላእክት ታይተዋት ይሆናል” አልኋቸው።

“ዝም በይ አንቺ!” አሉኝ።

ጀሶው የተፈታው ከጥምቀት በኋላ ነው። ከውስጡ የወጣው እግር ሸምበቆ ያክላል፤ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ብርድ የነካት ያህል ትንቀጠቀጥ ነበር። ደስታ ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ሌላ ለቅሶ ነው። ለብዙ ሳምንት በለብታ ውኃ እያሸሁ፣ ባሳዩኝ መሠረት ቀስ እያልሁ አጠፍሁ ዘረጋሁ። ቁስሉ ሽሯል፤ ጠባሳው ግን ጣቴን ያስገባል። የራጁ ፊልም ሲታይ አጥንቱ በቦታው ነው። የሠራላት ሐኪም “አሁን እግሯን ከፍተሽ ማዘል ትችያለሽ፤ እንዲያውም ለዳሌዋ ጥሩ ነው” አለኝ። አልቻልሁም። አንቀልባውን ሳነሣ ያ የመጀመሪያው ጩኸት ይመጣብኛል። አስቀምጠዋለሁ።

ልጅሽ ጀሶ ውስጥ ላለች እናት፣ እህል፣ ገለባም ቢሆን፣ የሚፈረፈር ነገር ሁሉ አታስጠጊባት። በጨርቅ ተጠቅልሏል ብለሽም አትመኚ። መናገር ካልቻለች ደግሞ ዓይኗም ይሁን እጇ ወይም ትንፋሿ፣ የሚታዘዝላትን ነገር ፈልጊና በእሱ ጠይቂያት። ሌላው ባያምንሽም መጠየቅ አትተዪ። የነገረችሽንም ይዘሽ ሂጂ።

በሁዳዴ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ እማማ ዘነበች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አንቀልባውን ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ከቤት ደብቀው ይዘውት መጥተዋል።

“በይ ጎንበስ በይ” አሉኝ። “እስከ መቼ እንደ ታቦት አቅፈሻት ትዞሪያለሽ?”

ጎንበስ አልሁ። አሰግድ አንሥቶ ጀርባዬ ላይ አደረጋት። እግሯ ተከፍቶ ወገቤን ያዘ። ጩኸቱን ጠበቅሁ። አልመጣም። አንቀልባውን አሰርሁና ሽቅብ መሄድ ጀመርን። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። ጉንጯ ማጅራቴ ላይ አረፈ።

“ብርቄ፣ ያምሻል?” አልሁ።

ከኋላዬ ናትና ዓይኗን ማየት አልችልም።

“አሰግድ፣ እስቲ እይልኝ። ምን አለች?”

ቀረብ ብሎ ነጠላዬን ገለጥ አደረገ።

“ምንም አላለችም” አለ። “ተኝታለች።”